491 ወይስ ትዕግሥት? በሪጅናል መንገድ ፒአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ያገኛችሁ እስኪ ተናገሩ

ሲሚንቶ33
ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ክፍል ድምፄን አጥፍቼ ሳነብ ዓመት ሞላኝ። ዛሬ ነገሩ የራሴ ሆነና ብቅ አልኩ።

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ሐሳቤ በነጥብ የሚሰጠው የአውስትራሊያ የባለሙያ ቪዛ ነው። ነጥቤን አሥር ጊዜ ደምሬዋለሁ፤ እናንተም አንዴ እዩልኝ። ዕድሜዬ 32 ስለሆነ 30። ባችለር ዲግሪ 15። ከአውስትራሊያ ውጭ በሙያዬ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ 10። በአይኤልቲኤስ (የእንግሊዝኛ ፈተናው) በአራቱም ክፍል 7 አምጥቻለሁ፣ 10። ገና አላገባሁም፤ ለላጤም 10 ይሰጣሉ። 75 መጣ።

በ189፣ ያለ ግዛት ድጋፍ በሚጠየቀው ቪዛ፣ እንዲሁ 75 ይዤ እሰለፋለሁ። በ190 ቪዛ አንድ ግዛት ካጨኝ፣ ማለትም በእጩነት ካቀረበኝ፣ 5 ተጨምሮ 80። ቪዛው ሲወጣም ከመጀመሪያው ቀን ፒአር ነው። በ491፣ በሪጅናሉ ቪዛ፣ ካጨኝ ግን 15 ይጨመርልኛል። 90! ችግሩ 491 ፒአር አይደለም። የአምስት ዓመት ጊዜያዊ ቪዛ ነው፤ ሪጅናል በሚሉት፣ ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ ባለ ቦታ ብቻ ነው የምኖረው።

ከአራት ወር በኋላ 33 እሞላለሁ። ያኔ የዕድሜ ነጥቤ ከ30 ወደ 25 ይወርዳል። እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው።

190ን ልጠብቅ ወይስ 491ን ልያዝ? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ካናዳ ሂድ፣ እዚያ ሪጅናሉም ወዲያው ፒአር ነው» እያለ ጆሮዬን አደንቁሮታል። እውነት ነው?

አደሌድ_የከረመ
ወንድሜ፣ እንኳን ብቅ አልክ። እኔ 491 ላይ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ከርሜ 191 ወጥቶልኛል። ስለዚህ የማወራህ የኖርኩትን ነው።

መጀመሪያ «ሪጅናል» የምትለዋ ቃል አታስፈራህ። ብዙ ሰው ሲሰማት ከብት ያለበት ሜዳ ነው የሚታየው። 491 በኅዳር 2019 ሲጀመር ከሲድኒ፣ ከሜልበርንና ከብሪስቤን በስተቀር አገሩ ሁሉ ሪጅናል ተባለ። ፐርዝ ሪጅናል ነው። ሁለት ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት ከተማ! አደሌድ፣ ጎልድ ኮስት፣ ካንቤራ፣ ሆባርት፣ ኒውካስል፣ ወሎንጎንግ፣ ጂሎንግ፣ ሁሉም ውስጥ ናቸው። የሚወስነው ፖስታ ኮዱ ነው። ቤት ከመከራየትህ በፊት ፖስታ ኮዱን አይተህ ፈርም።

ሁለተኛ፣ ወደ ፒአር የሚያሻግርህ 191 የሚባለው ቪዛ ነው። 491ን ይዘህ ሦስት ዓመት ሪጅናል ትኖራለህ፤ የሦስት የበጀት ዓመት የግብር ውሳኔ ደብዳቤ ታቀርባለህ። መጀመሪያ ሲታወጅ በዓመት ቢያንስ 53,900 ዶላር ግብር የሚከፈልበት ገቢ ይጠይቅ ነበር። ሰው ሁሉ በዚያ ቁጥር ነበር የሚሳቀቀው። በኋላ ቁጥሩ ተነሳ። ደብዳቤዎቹ ግን አሁንም የግድ ናቸው። በጥሬ ገንዘብ ከመዝገብ ውጭ የሠራኸው ሥራ ለዚህ ጉዳይ እንዳልሠራኸው ቁጠረው።

ደስ የሚለው ሌላው ነው። ለ191 ግዛቱ ደግሞ አያጭህም፣ ቀጣሪ አይፈርምልህም፣ እንግሊዝኛ አትፈተንም፣ ዕድሜህም አይታይም። 45 ቢያልፍህም ችግር የለውም። ኖርክ? ሠራህ? ግብር አሳወቅክ? በቃ።

ሦስተኛ፣ ማንም ቀድሞ ያልነገረኝን ልንገርህ። 491 በሙያህ እንድትሠራ አያስገድድም። ያጨህ ግዛት በሙያህ ነው ያጨህ፤ ደርሰህ ሥራ ስታጣ ግን መጋዘን ገብተህ ካርቶን ብትደረድር ቪዛው አይነካም። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ወራት እንደዚያ ነው ያሳለፍኩት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሼ፣ በጎማ ጓንት። በሻይ እረፍት ስልኬ ላይ የሥራ ማመልከቻ እሞላለሁ። አንድ ቀን ፎርማኑ ስክሪኑን አየና «መሐንዲስ ነህ እንዴ?» አለኝ። «ነበርኩ» አልኩት። ያቺ «ነበርኩ» እስካሁን ታመኛለች።

ለማስፈራራት አይደለም። 15 ነጥቡ በነፃ እንዳይመስልህ ብዬ ነው።

ቆጣሪው
ድምሩ ልክ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

ዕድሜህ የሚቆጠረው ኢኦአይ፣ ማለትም የፍላጎት መግለጫህን፣ በምታስገባበት ቀን አይደለም። ለቪዛው እንድታመለክት ግብዣ በሚደርስህ ቀን ነው። ዛሬ 90 ብለህ ብታስገባ፣ ልደትህ ካለፈ ሲስተሙ ራሱ 85 ያደርገዋል። ስለዚህ «ቶሎ ባስገባ ዕድሜዬ ይያዝልኛል» የሚለውን ሐሳብ ከጭንቅላትህ አውጣ።

ሁለተኛው አይኤልቲኤስ ነው። በአራቱም 8 ካመጣህ ከ10 ወደ 20 ትወጣለህ። 33 መሙላት የሚያሳጣህ 5 ነው፣ በአራቱም ክፍል ከ7 ወደ 8 መውጣት የሚሰጥህ 10። እኔ ብሆን አራቱን ወር የልደት ቀን ስቆጥር አላሳልፈውም፤ ድርሰት ስጽፍበት ነበር።

ኢኦአይው ሁለት ዓመት ይቆያል። ግብዣ ሲመጣ ግን ማመልከቻውን ለማስገባት 60 ቀን ብቻ ነው ያለህ።

ሲሚንቶ33
ቆጣሪው፣ እጅህ ይባረክ። በአራቱም 8 ግን ቀልድ አይደለም። ራይቲንጉ ሁለቴ 7 ላይ ቆሞብኛል፤ ሦስተኛውን ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

አደሌድ_የከረመ፣ «ነበርኩ» ያልከው ልቤን ነካው። ሥራ በስንት ጊዜ አገኘህ?

አደሌድ_የከረመ
በስምንተኛው ወር። መሐንዲስ ሆኜ አይደለም፤ ረዳት ንድፍ ሠሪ ሆኜ። ዓመት ሳይሞላኝ ወደ ሙያዬ ተመለስኩ። ሳይቱ ከከተማ 40 ደቂቃ ነበር። የሪጅናል ጥቅሙ አንዱ ይኸው ነው፤ ትንሽ ቢሮ ውስጥ አለቃው ራሱ ሥራህን ያያል።

የሌሊት_ፈረቃ
ስለ ካናዳ የተጠየቀውን እኔ ልሞክረው። በአትላንቲክ ፕሮግራም ነው የመጣሁት፣ ኖቫ ስኮሺያ ነኝ። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ።

ጓደኛህ ግማሹን ነው የነገረህ። አዎ፣ እዚህ ሪጅናል የሚባሉት መንገዶች መጨረሻቸው በቀጥታ ፒአር ነው። በመሀል የአምስት ዓመት ጊዜያዊ ቪዛ ብሎ ነገር የለም። ግን በሩን የሚከፍተው ነጥብ ሳይሆን ቀጣሪ ነው።

አትላንቲክ ማለት ኖቫ ስኮሺያ፣ ኒው ብራንስዊክ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት እና ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር ናቸው። በ2017 ሙከራ ሆኖ ተጀመረ፣ በጥር 2022 ቋሚ ሆነ። ቀጣሪው በግዛቱ የተመዘገበ መሆን አለበት። ሥራ ይሰጥሃል፣ አንተ የመቋቋሚያ ዕቅድ ታሠራለህ፣ ግዛቱ ያጸድቅልሃል፣ ከዚያ ፒአር ታመለክታለህ። ከሥራ ልምድ የሚጠይቁት ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ 1,560 ሰዓት ነው፣ ማለትም የአንድ ዓመት ሙሉ ሥራ። የቋንቋው መስፈርትም ለነጥብ ውድድር ከሚያስፈልገው በጣም ዝቅ ይላል። ፒአሩ እስኪያልቅ በሥራ ፈቃድ ገብተህ መሥራት ትችላለህ፤ ፈቃዱ ግን ከዚያው ቀጣሪ ጋር የተሳሰረ ነው።

ሌላው የገጠር ማኅበረሰብ ፓይለት የሚሉት ነው። የድሮው የገጠርና ሰሜን ፓይለት በነሐሴ 2024 ተዘጋ፤ ይኼኛው በጥር 2025 በ14 ማኅበረሰቦች ተከፈተ። ተንደር ቤይ፣ ሰድበሪ፣ ቲሚንስ፣ ብራንደን፣ ሙስ ጆ ያሉት ናቸው። እዚያም ከተመዘገበ ቀጣሪ የሥራ ስጦታ ያስፈልጋል፤ ማኅበረሰቡም ይመክርልሃል።

ቀጣሪ ከሌለህ የቀረው የግዛት እጩነት ነው። በኤክስፕረስ ኢንትሪ (በፌዴራሉ የነጥብ ውድድር) በኩል ግዛት ካጨህ 600 ነጥብ ይጨመርልሃል፤ ያ ደግሞ ግብዣ በኪስህ ያለ ያህል ነው። ግን ወረፋው ረጅም ነው። ፌዴራሉ ለ2025 የግዛቶቹን ኮታ ወደ 55,000 ሲያወርደው እንዴት ዓይነት ሽብር እንደነበር ያየ ያውቀዋል። ተራ የሥራ ስጦታ ይሰጥ የነበረው የኤክስፕረስ ኢንትሪ ተጨማሪ ነጥብም በመጋቢት 2025 ቀርቷል።

ስለ ኑሮው አንድ ነገር። ፈረቃዬ ሲያልቅ አውቶቡስ የለም። በቃ የለም። የመጀመሪያውን ክረምት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት በመኪናዋ ያመላለሰችኝ። መንጃ ፈቃድ ከፒአሩ በፊት አስፈለገኝ። ሪጅናል የሚያስብ ሁሉ ሻንጣ ከመግዛቱ በፊት መንዳት ይማር።

ቀጥ_በል
ሁላችሁም በጣፋጭ ወሬ ልጁን አታሳስቱት። እኔ 491 ወጥመድ ነው ባይ ነኝ።

አንደኛ፣ ቪዛው ላይ 8579 የሚባል ግዴታ ተጽፎ ይመጣል። ኑሮህ፣ ሥራህ፣ ትምህርትህ ሦስቱም ሪጅናል ውስጥ መሆን አለባቸው። ሁለተኛ፣ አንዴ 491 ከያዝክ ሦስት ዓመት ሳይሞላህ 189፣ 190 ወይም 186 (ቀጣሪ ስፖንሰር የሚያደርገው ፒአር) ማመልከት አትችልም። ሐሳብህን ብትቀይር፣ ሲድኒ ውስጥ ወርቅ የሆነ ቀጣሪ ፒአር ስፖንሰር ላድርግህ ቢል፣ በሩ ዝግ ነው። እጅግ የተለየ ምክንያት ካልኖረህ።

የማውቀው ልጅ ጂሎንግ ቤት ተከራየ። ጂሎንግ ሪጅናል ናት፣ ጥሩ። ሥራ ያገኘው ግን በሜልበርን ምዕራብ በኩል ያለ ሳይት ላይ ነው። በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ «ምን ችግር አለው፣ የማድረው ሪጅናል ነው» አለ። 191 ሲያመለክት የቀጣሪውን አድራሻ ጠየቁት። ይኸው እስካሁን ማብራሪያ እየጻፈ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል።

190 ይጠብቅ። ምክሬ ይኸው ነው።

አደሌድ_የከረመ
ቀጥ_በል፣ የልጁ ታሪክ ያሳዝናል፤ ግን ያጠፋው እሱ ነው፣ ቪዛው አይደለም። ሜልበርን ሄደህ ዘመድ መጠየቅ፣ ኳስ ማየት፣ ሳምንት መቀመጥ ትችላለህ። መሥራት አትችልም። ይኼ ቪዛው ሲወጣ በሚመጣው ደብዳቤ ላይ ተጽፏል።

ደግሞ «190 ይጠብቅ» ማለት ቀላል ነው። ስንት ዓመት ይጠብቅ? ኮታውን የሚያከፋፍለው ፌዴራል መንግሥቱ ነው፣ በጀት ዓመቱ የሚጀምረው በሐምሌ መጀመሪያ ነው፣ ግዛቱ ደግሞ የሙያ ዝርዝሩን በመሀል ይቀይራል። አምና የነበረ ሙያ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል። የሚጠብቅ ሰው ዕድሜው ዝም ብሎ አይጠብቀውም።

ቀጥ_በል
እሺ፣ ሁለቱንም ያስገባ እንግዲህ። ኢኦአይ ለማስገባት አይከፈልም። 190ም 491ም ላይ ይሰለፍ፣ የቀደመው ይምጣ። 491 ቀድሞ ከመጣ ግን ስድሳውን ቀን ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ ያስብበት።

ቆጣሪው
በዚህ ተስማምተናል። ይህ ክር ታሪክ ሠራ።

ግዛቶቹ በአንድ ዓይን አያዩህም፣ ይህንን አትርሳ። ካንቤራ የራሷ ነጥብ መቁጠሪያ አላት፤ ካንቤራ ማትሪክስ ይሉታል። ታዝማኒያ እዚያው ለኖረ፣ ለተማረና ለሠራ ታደላለች። ቪክቶሪያና ኩዊንስላንድ ከኢኦአዩ ሌላ የራሳቸውን የፍላጎት ቅጽ ያስሞላሉ። ውጭ አገር ላለ አመልካች የተከፈተውን ከተዘጋው ለይ። በጭፍን ሁሉም ላይ መወርወር ጊዜ ይገድላል።

የልጆች_አባት
ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። የምትጽፉትን ሁሉ አነባለሁ። እኔ 46 ዓመቴ ነው። የከባድ ማሽን መካኒክ ነኝ፣ 21 ዓመት ሠርቻለሁ። ለኔ ዓይነቱ ሁሉም በር ተዘግቷል ማለት ነው? አንድ ኤጀንት «ለርስዎ ምንም የለም» ብሎኝ ስልኩን ዘጋው።

የሌሊት_ፈረቃ
ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። እንደዚያ ብሎ ስልክ መዝጋት ነውር ነው።

የአውስትራሊያው 491 ግብዣ ሲደርስዎ ከ45 በታች እንዲሆኑ ይጠይቃል፣ እሱ እውነት ነው። የካናዳ ኤክስፕረስ ኢንትሪም ከ45 ጀምሮ ለዕድሜ ዜሮ ነው የሚሰጠው። አትላንቲክና የገጠሩ ፓይለት ግን ዕድሜ አይቆጥሩም። ቀጣሪ ያግኙ እንጂ 46 መሆንዎ አያስጥልዎትም። መካኒክ ደግሞ ትንንሽ ከተሞች አጥብቀው የሚፈልጉት ሙያ ነው። እኛ ሰፈር የበረዶ ጠራጊው መኪና ከተበላሸ ከተማው ይቆማል።

አደሌድ_የከረመ
ጋሼ፣ በአውስትራሊያም ዳማ የሚሉት አለ። አንድ አካባቢ ከፌዴራል መንግሥቱ ጋር በቀጥታ ተፈራርሞ ለቀጣሪዎቹ ቀለል ያለ መስፈርት ያስፈቅዳል። ሰሜን ግዛት ዳርዊን ያለችበት አንዱ ነው፤ ምዕራብ አውስትራሊያም አለው፤ እዚያ ካልጉርሊ ያለችበት የጎልድፊልድስ አካባቢ የማዕድን አገር ነው። በአንዳንዱ ስምምነት ለተመረጡ ሙያዎች ዕድሜ እስከ 55 ይፈቀዳል። እዚህም ግን ስፖንሰር የሚያደርግ ቀጣሪ ያስፈልጋል። ለማሽን መካኒክ ካልጉርሊን አይናቁብኝ።

የልጆች_አባት
ተባረኩ። ካልጉርሊን ካርታ ላይ ፈለግኳት። በረሃ ናት። ግን ጉድጓዱ! ከተማውን የሚያህል ጉድጓድ አጠገቡ ተቆፍሯል። እዚያ የሚሠሩትን ገልባጭ መኪናዎች ጎማ ብቻ ሳየው ቆየሁ። ልጄ «አባባ ምን እያየህ ነው የምትስቀው?» አለኝ።

ዝም_ያልኩ
ስለ ቀጣሪ ከተነሳ እኔም ልናገር። አንድ ሰው የቀጣሪ ደብዳቤ አመጣልሃለሁ፣ ግማሹን አሁን ክፈል፣ ግማሹን ቪዛው ሲወጣ አለኝ። ድርጅቱ አለ፣ ድረ ገጹም ያምራል። ከፈልኩ። ደብዳቤው መጣ። ስልክ ደውዬ የሰው ኃይሏን ሴትዮ ሳናግራት ስሜን ሰምታው አታውቅም። ሰውየው እስከ ዛሬ ስልኩን አላነሳም።

አወያይ
ዝም_ያልኩ፣ ይህን ለመናገር ስለደፈርክ እናመሰግናለን። ለሁላችሁም፦ በአውስትራሊያ ስፖንሰርነትን በገንዘብ መሸጥም መግዛትም ከታኅሣሥ 2015 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። የሸጠውም የገዛውም ይጠየቃል፤ የገዛው ቪዛውንም ሊያጣ ይችላል። ኤጀንት ከያዛችሁ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁና ራሳችሁ መዝገቡ ላይ አረጋግጡ። ቁጥር ሲጠየቅ የሚቆጣ ኤጀንት መልሱን ሰጥቷችኋል። የኤጀንት ማስታወቂያ እዚህ ክር ላይ አጠፋለሁ፤ ዛሬ ሦስት አጥፍቻለሁ።

ሲሚንቶ33
ሁለት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩ።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። እጮኛ አለችኝ። ሠርጋችን ከስምንት ወር በኋላ ነው። ፋርማሲስት ናት። ካገባሁ የላጤነት 10 ነጥቤ ይሄዳል ማለት ነው? ግዛት እስኪያጨኝ እኔ ያጨኋትን ላቆያት?

ቆጣሪው
እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ፍቅርን ሠንጠረዥ ውስጥ ያስገባ አገር ነው።

ልንገርህ። ባለቤትህ የብቃት ደረጃ እንግሊዝኛ ብቻ ካላት፣ ማለት አይኤልቲኤስ በአራቱም 6፣ 5 ታገኛለህ። ሙያዋም ከታወቀላት፣ ከ45 በታች ከሆነችና ሙያዋ አንተ ከምታመለክትበት ዝርዝር ላይ ካለ፣ ሙሉ 10 ነው። ማለትም ከላጤ ጋር እኩል ነህ። ስለዚህ ሠርጉን አታራዝም፤ እሷን ፈተና አስቀምጣት።

ከግብዣው በፊት ብትጋቡ ግን ኢኦአዩን የግድ ቀይር። ላጤ ነኝ ብለህ ተጋብዘህ ስታመለክት ያገባህ ሆነህ ከተገኘህ፣ በግብዣው ቀን የጠየቅከው ነጥብ ማስረጃ ያጣል። ቪዛው ይከለከላል። ነጥብ ማጋነን ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው።

አደሌድ_የከረመ
ካመለከትክ በኋላ ብትጋቡም ውሳኔ ሳይሰጥ ማመልከቻው ላይ ልትጨምራት ትችላለህ። 491 ከወጣ በኋላ ከሆነም በ491 ራሱ ዘግይቶ የሚመጣ የቤተሰብ አባል ተብላ ታመለክታለች። አንድ ነገር ግን ልብ በል። 491 ላይ ያለ ሰው ሦስት ዓመት ሳይሞላው እዚያው አውስትራሊያ ሆኖ የሚገባውን የትዳር ቪዛ ማመልከት አይችልም። ቀጥ_በል ከዘረዘረው እገዳ ውስጥ እሱም አለበት።

ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገርህ። ለዜግነት አራት ዓመት በሕጋዊ ቪዛ መኖር ይጠየቃል፣ የመጨረሻው አንድ ዓመት በፒአር። 491 ላይ የኖርከው ጊዜ ከአራቱ ውስጥ ይቆጠራል። «የባከነ ሦስት ዓመት» የሚሉህን አትስማ።

ቀጥ_በል
ይኼን አላውቅም ነበር። እቀበላለሁ። ወጥመድ ያልኩትን ግን ሙሉ በሙሉ አላነሳም። ግማሹን።

አሁን ግን ከቪዛ በፊት ያለውን ጠይቁት። ሲዲአሩን፣ ለሙያ ምዘናው የሚቀርበውን ሪፖርት፣ ጽፈሃል ወይ?

ሲሚንቶ33
ጀምሬያለሁ። የመሐንዲሶችን ሙያ የሚመዝነው ኢንጂነርስ አውስትራሊያ ሦስት የሥራ ታሪክ ይጠይቃል፣ እያንዳንዱ ከ1,000 እስከ 2,500 ቃል። የመጀመሪያውን ጨርሼ ለአንድ ጓደኛዬ ሳሳየው «አንተ የታለህበት?» አለኝ። ለካ ሁሉንም «እኛ» እያልኩ ነው የጻፍኩት። ድልድዩን ሠራን፣ ጭነቱን አሰላን፣ ዲዛይኑን አሻሻልን።

አደሌድ_የከረመ
እኔም እዚያው ላይ ነው የወደቅኩት። «እኔ» ማለት ትዕቢት መስሎኝ። እነሱ የሚፈልጉት የቡድኑን ሳይሆን ያንተን እጅ ነው። «የምሰሶውን ጭነት አሰላሁ። ስሌቱ ከአፈር ምርመራው ጋር ስላልተስማማ መሠረቱን በዚህ ያህል ጥልቀት ጨመርኩ። አለቃዬ ተቃወመ፣ ስሌቴን አሳየሁት።» እንዲህ ነው የሚጻፈው። ከኢንተርኔት ናሙና አትገልብጥ። ይመረምራሉ፤ ከተያዝክ ለተወሰነ ጊዜ ማመልከት ይከለክሉሃል።

ሌላም አለ። የሙያ ምዘናው ለቪዛ ነው እንጂ የሥራ ፈቃድ አይደለም። ኩዊንስላንድ ውስጥ መሐንዲስ ሆኖ ራስን ችሎ ለመሥራት በግዛቱ መመዝገብ ያስፈልጋል፣ ቪክቶሪያም በኋላ የራሷን ምዝገባ አምጥታለች። ሳትመዘገብ መሥራት የምትችለው በተመዘገበ መሐንዲስ ቁጥጥር ሥር ሆነህ ነው። የምትሄድበትን ግዛት ስትመርጥ ነጥቡን ብቻ አትይ። የሥራ ማስታወቂያዎቹን አንድ ወር ተከታተል። በሳምንት ስንት የሲቪል ሥራ ይወጣል? ምን ሶፍትዌር ይጠይቃሉ? እኔ ያንን አንድ ወር ብሰጠው ኖሮ ምናልባት መጋዘኑን አላየውም ነበር።

የሌሊት_ፈረቃ
የካናዳን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ከመተውህ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ፒአር ከያዝክ በኋላ ከግዛት ግዛት መዘዋወር መብትህ ነው፤ በሕገ መንግሥታዊው ቻርተር ተጽፏል። ግን ስታመለክት «እዚህ እኖራለሁ» ብለህ ነው የምታመለክተው። ከመጀመሪያው ቶሮንቶ ልሄድ ነው እያሰብክ ኖቫ ስኮሺያን መፈረም ሐሰት ነው። ደግሞ ያቺ ትንሽ ከተማ አምናህ ነው ያመጣችህ። አብረውኝ ከመጡት ሁለቱ ፒአር በወጣ በሳምንቱ ሄዱ። ቀጣሪያችን በቀጣዩ ዓመት ከውጭ ሰው አልቀጠረም። የማን ጥፋት እንደሆነ አላውቅም፤ በሩ ሲዘጋ ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሲሚንቶ33
ይኼ ከባድ ነው። አመሰግናለሁ እህቴ።

እንግዲህ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። አንድ ወር ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ እያየሁ ጠረጴዛ ሠራሁ። ለሙያዬ ብዙ ሥራ ያየሁት ምዕራብ አውስትራሊያና ደቡብ አውስትራሊያ ላይ ነው። በምፈልገው ዘርፍ ማለቴ ነው፣ ውኃና መንገድ። በሁለቱም 190 እና 491 ላይ ለመሰለፍ ወሰንኩ። 491 ቀድሞ ከመጣ እሄዳለሁ። ሦስት ዓመት ለመኖር ዝግጁ መሆኔን ከነጥቡ ለይቼ ራሴን ጠየቅኩት። ዝግጁ ነኝ። እጮኛዬም ለአይኤልቲኤስ ተመዝግባለች፤ «የኔ 6 ያንተን 7 ሳይበልጥ አይቀርም» ትለኛለች።

የቀረችኝ አንዲት ወረቀት ናት። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ የልምድ ደብዳቤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሠርቷል፣ መልካም ጠባይ ነበረው» ብቻ ነው የሚለው። ምን እንደሠራሁ የለም፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ የለም፣ ደመወዝ የለም። ደወልኩ። ኃላፊው «ጠባይህን መስክረንልሃል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ።

ቆጣሪው
ሃሃ፣ መልካም ጠባይ ስንት ነጥብ ነው?

የምትሠራው እንዲህ ነው። ደብዳቤውን ራስህ ረቂቅ አድርገህ ላክለት። የሠራኸውን ብቻ፣ ሳትጨምር። የሥራ መደብ፣ ትክክለኛ ቀኖች፣ የሳምንት ሰዓት፣ ደመወዝ፣ አምስት ስድስት መስመር የሥራ ዝርዝር፣ የፈራሚው ስምና ስልክ። ሰው ከባዶ መጻፍ ነው የሚያስጠላው፣ ተጽፎ ሲመጣለት ይፈርማል። በመሥሪያ ቤቱ ራስጌ ወረቀት ላይ ይሁን። የደመወዝ ማስረጃና የባንክ መግለጫም አያይዝ።

አደሌድ_የከረመ
በአካል ሂድ። በስልክ አይሆንም። ሰኞ ጠዋት ሳይሆን ማክሰኞ።

ሲሚንቶ33
ለምን ማክሰኞ?

አደሌድ_የከረመ
ሰኞ ስብሰባ አለ። የትም አገር ሰኞ ስብሰባ አለ።

ሲሚንቶ33
ሄጄ መጣሁ። ማክሰኞ። ማኅተሙ ያለባት ሴትዮ የዓመት ፈቃድ ላይ ናት፣ ሐሙስ ትመለሳለች። ፊርማው ግን ተፈርሟል። ልደቴ 85 ቀን ቀርቶታል።